ሙት ወቃሽ አያድርገኝ

ግላስጎው ነው፣ ምድር ቤት ነው፣ ሐሙስ ማታ ነው፣ ይዘንባል፤
ሰባ ወንበር አለን፤ ሃምሳው ሰው፣ ሃያው እርጥብ ካፖርት ይዟል።
የእኔ ሥራ አንዲት ማብሪያ፣
አንዲት ቀይ አምፖል ከጣሪያ፤
ቀልደኛው ሲረዝም ጊዜ፣ ወይ መቋጫው ሲጠፋበት፣
ጠቅ አደርጋለሁ፤ ይወርዳል፤ ያለ ደህና ሰንብት።

እሑድ ለት ፈርጉስ ታሎክ ሞተ፤
ሠላሳ ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በቴሌቪዥን የጠየቀን፣
ጥርሱን እንደ ሸክላ ሳህን ደርድሮ የሣቀብን፣
«አስብ፣ ግን አትቆይ» እያለ በሰዓት ያስጨነቀን።
ከሞቱም አሟሟቱ፦ ገንዳ ውስጥ፣ በሳሙና፤
ጋዜጣው «በሰላም አረፈ» አለ፤ ሲወድቅ ጎረቤት ሰምቷልና
ማን ያምናል።

እናቴ የእኔን ስም ከረሳች ሁለት ዓመት አለፋት፤
የፔሩ ዋና ከተማ ግን፣ እሱ ሲጠይቅ፣ አይጠፋት።
ሰኞ ልጠይቃት ስሄድ የጠፋውን ስክሪን እያየች
«ዛሬ ምነው ዘገየ?» አለች።
ትራሷን አስተካከልሁላት።

እና ኢሽቤል ወጣች፤ ቦት ጫማዋ ውሃ ይተፋል።
«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» አለች፤ ያ ቃል ሲነገር
ምን እንደሚከተል ያጣው ሰው አልነበረም፣ ከዚያ ሁሉ ወንበር።
«ፈርጉስ ሰማይ ቤት ደረሰ፤ ጴጥሮስ መዝገቡን ገልጦ
‹ስም?› ቢለው፣ ‹ጠያቂው እኔ ነኝ!› አለው ጥርሱን ገልጦ።»
ቤቱ ትንፋሹን ዋጠ፤
ከዚያ ሣቁ ፈነዳ፣ አቧራው ከጣሪያ ፈሰሰ።
እኔም ሣቅሁ። ማብሪያው ላይ ያለችው ጣቴ ሣቀች።
አጎቴ የሞተ ጊዜ፣ ሬሳ ሣጥኑ በጠባቡ ደረጃ
አልዞር ብሎ ሲያስቸግር፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ
«እሱ መቼ ታዞ ያውቃል» ብሎ ያሣቀን ሣቅ ነው፤
እንባውም አብሮ የወረደ።

ቀጥላ ወደ ገንዳው ገባች።
ለሳሙናዋ ስም አወጣችላት። ሚስቱን አስጮኸቻት።
ልጁ በሩን ሰብሮ ሲገባ ያየውን
በእጇ፣ በወገቧ፣ በምላሷ አሳየች።
ሣቁ ተሰነጠቀ፤ እኩሌታው ብርጭቆው ውስጥ ተደበቀ።

አንድ ትከሻ ሰፊ ሰው ተነሣ፣ ከመርከብ ብየዳ የመጣ የሚመስል፦
«ገና አፈር አልቀመሰም! ቀብሩ ቅዳሜ ነው!» ሲል፣
«ስንት ቀን ልጠብቅ?» አለችው። «ቁጥሩን ንገረኝና ልጻፈው።
ሳምንት? ወር? ዓመት? በቁሙ ሳለ ስቀልድበት
አምና እዚሁ ነበርክ፤ ትከሻህ ይዘል ነበር በሣቅ ብዛት።»
ሰውየው ቁጥር አልነበረውም።
አልተቀመጠም፣ አልወጣም፤
ኮቱን አንድ እጁን ለብሶ ቆመ።

ባለቤቱ ሌኖክስ ከባንኮኒው ጀርባ
በቅንድቡ ጠቀሰኝ፤ ተጫን ማለቱ ይሁን፣ ወይ ዓይኑ ጭስ ገባ።

ሟች አይሰማም ይላሉ። ልጁ ግን ይሰማል፤
በሩን የሰበረበት ትከሻ ምናልባት ገና አልሻረለትም።
ዝነኛ ሲሞት ሬሳው የአገር ነው ይላሉ፤
የሰማዩ በር የአገር ይሁን፣ እሺ፤ እዚያ ሁላችንም እንቆማለን፤
ገንዳው ግን የአንድ ቤት ነው።
እናቴ ብትሰማስ? የጴጥሮሱን ትስቅለት ነበር።
ለሁለተኛው፣ እንጃ፣ «ዛሬ ምነው ዘገየ» ትል ነበር።

ጣቴ አላበው።
«አስብ፣ ግን አትቆይ።»
አሰብሁ። ቆየሁ።
ደቂቃዋ በራሱ አለቀና አምፖሉን በሰዓቱ አበራሁ፣
እንደ ደመወዝተኛ።

ኋላ፣ ከጓሮ በር፣ ከባዶ የቢራ በርሜሎች አጠገብ፣
ሲጋራዋን ከዝናቡ ጋር እያታገለች
«የገንዳው ረዘመብኝ እንዴ?» አለችኝ።
«አልረዘመም» አልኳት። «ሳታንኳኪ ገባሽ።»
ዝም አለች። እስክሪብቶ አውጥታ
መዳፏ ላይ አንድ ነገር ጫረች፤
ሰርዛ ይሁን አክላ፣ ጨለማ ነው፣ አላየሁም።

ነገም ትወጣለች። ቀብሩ ከነገ ወዲያ ነው።
ማብሪያዋ ትንሽ ዘይት ትፈልጋለች፤
አንዳንዴ ትነክሳለች።